ጠርዙ ላይ ያሉት ቤቶች

«አባቴ ለነገ ፈቃድ ወሰደ» አለች ሚጢጢ፣ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች። «ፎቶሽን ሊያይ ይመጣል። ጃኬቱን ሳይቀር አስተኮሰ። ሰውዬው እኮ ለሰርግም ጃኬት አይለብስም።»

ጭልፊት ደረጃው መሀል ቆመች። ከኋላዋ የሚወርዱት ተማሪዎች «እለፊ እንጂ» እያሉ በክርናቸው ገፋ ገፋ አደረጓት።

ሚጢጢ እንዲህ የተባለችው ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሟ ስለሆነች ነው። ጭልፊት ደግሞ የአጎቷን ድሮን ማብረር ስለምትችል። ሁለቱንም ስም ያወጣላቸው የክፍሉ ቀልደኛ ነበር። መጀመሪያ ተናደዱ፣ ከዚያ ለመዱት፤ አሁን እናቶቻቸው እንኳ ሲዘናጉ በዚሁ ይጠሯቸዋል።

«ሁላችሁም ናችሁ የምትመጡት?» አለች ጭልፊት።

«እናቴ ሥራ አላት። እኔና እሱ ነን። ምን ሆነሻል? ፊትሽ ዐመድ መሰለ።»

«ምንም። ሩቅ ነው ብዬ ነው። ለአንድ ፎቶ ብሎ እንዳይደክም።»

«ለአንድ ፎቶ መቼ ሆነ? አጎቴ ክረምት ሳይገባ ከዚያ ቤት ውጡ፣ እኔ ጋ ያለውን ክፍል ልስጣችሁ ይለናል። እናቴ እንሂድ ትላለች። አባቴ ደግሞ ‹ጉድጓዱ ገና ሩቅ ነው፣ ፎርማኑም ብሎኛል› ይላል። ሲጨቃጨቁ ከረሙ። በመጨረሻ ምን አለ መሰለሽ? ‹የልጅቷን ፎቶ አያለሁ፤ ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደራቅን በዓይኔ ካየሁ በኋላ እወስናለሁ።›» ሚጢጢ ሳቀች። «ዳኛ አድርጎሻል፣ አንቺ ልጅ።»

ጭልፊት አፏን ከፈተች። የምትለውን ነገር ምላሷ ላይ አምጥታው ነበር። ያን ጊዜ ደወሉ ተደወለ፤ ሚጢጢም በዚያ ረጅም ቅልጥሟ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ጉድጓዱ የጡብ ፋብሪካው አፈር ማውጫ ነው። ከመንገድ ሲያዩት ምኑም አያምርም፤ አቧራ፣ ገልባጭ መኪና፣ ዝገት የበላው አጥር። ከላይ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። ጭልፊት ይህን ያወቀችው ቀያሽ የሆነው አጎቷ አንድ እሑድ ድሮኑን ሲያውሳት ነው። አጎቷ ድሮኑን «ሙሽራዬ» ነው የሚላት። «ሙሽራዬን ኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ሰቅለሽ ብትመጪ፣ ዝምድናችን እዚያው ላይ ያበቃል» ብሎ ነበር የሰጣት።

ሁለቱ ልጆች ድሮኗን ያስነሱት ከእነሚጢጢ ግቢ ነበር። ቤታቸው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ከቀሩት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። የሚጢጢ አባት ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ቆፋሪ ማሽን ይነዳሉ። ሰፈርተኛው «የራሱን ምድር ቤት እየቆፈረ ነው» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ማሽኑ ላይ ሲሆኑ ከፊታቸው የሚታያቸው የአፈር ግድግዳ ብቻ ነው። ቤታቸው ሲሆኑ ደግሞ ጓሯቸውን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ጋርዶታል። ሁለቱን ባንድ ላይ አይተው አያውቁም።

ያን እሑድ የሚጢጢ እናት ለድሮኗ ማረፊያ ንጹሕ አንሶላ አነጠፉላት። «እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም» አሉ። ድሮኗ እየጮኸች ከቆርቆሮው በላይ ስትወጣ፣ ልብስ ማስጣታቸውን ትተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሽቅብ አዩ። መቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ እያነሱ፣ እያነሱ ሲሄዱ ሚጢጢ በሳቅ ፈረሰች። «እናቴን እዪያት፣ ምስር አክላለች።»

ከዚያ ጉድጓዱ ስክሪኑ ውስጥ ገባ፣ ሁለቱም ሳቃቸውን ተዉ። ቀዩ አፈር ደረጃ በደረጃ ተቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል። ዙሪያውን የከበቡት መስመሮች የአውራ ጣት አሻራ ይመስላሉ። ከሥሩ የተጠራቀመው የዝናብ ውኃ አረንጓዴ ነው፤ እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ጭልፊት በቀለም ሣጥን ውስጥ እንኳ አላየችም።

«ይሄን ሁሉ አባቴ ነው የቆፈረው» አለች ሚጢጢ። ኩራት ይሁን ፍርሃት ከድምፅዋ አይለይም ነበር።

ውድድሩ «ሰው የለወጠው መሬት» ይባላል። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው ያዘጋጀው፤ ያሸነፈው ተማሪ የክረምቱን ዕረፍት ከባለሙያ ፎቶ አንሺዎች ጋር እየሠለጠነ ያሳልፋል። ጭልፊት ያን ሥልጠና ከመመኘቷ የተነሣ የማስታወቂያውን ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ ትዞር ነበር። ፎቶውን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ስታየው አንድ ነገር ብቻ ጎረበጣት፤ በቀኝ በኩል ጠርዙ ላይ የተኮለኮሉት ቤቶች። ዝገት፣ ሰማያዊ ላስቲክ፣ ላስቲኩን ንፋስ እንዳይወስደው የተጫነ አሮጌ ጎማ፣ የልብስ ገመድ። ክቡ አምሮ መጥቶ፣ መጥቶ፣ እዚያ ላይ ሲደርስ ይዝረከረካል።

ኮምፒውተሩ ላይ ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚቀባ ብሩሽ አለ። በአንድ ጣሪያ ሞከረችው። ጣሪያው ጠፋ፤ በቦታው ቀይ አፈር ሆነ። ቀጥሎ ያለውን ሞከረች። እንዲያ እያለች እነሚጢጢ ግቢ ደረሰች። ገመዱን ከነልብሱ ሸፈነችው። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሽቅብ የሚያዩት ሴትዮ ብቻቸውን ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው ቀሩ። እጇ ለትንሽ ጊዜ ቆም አለ። ከዚያ እሳቸውንም አፈር አለበሰቻቸው።

«ፎቶው ላይ ምንም መጨመርም ሆነ መቀነስ አይቻልም» የሚለውን ደንብ የሥዕል መምህርቷ ጮክ ብለው ሲያነቡ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። አልሰማሁም ማለት አትችልም።

ሚጢጢ ደረጃው ላይ ባነጋገረቻት ቀን፣ ከትምህርት በኋላ ጭልፊት ወደ ቤቷ አልሄደችም። ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ መምህርቷ መሰላል ላይ ቆመው ፎቶ እየሰቀሉ ነበር። የእሷን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ማንም የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ላይ አድርገውታል። ፎቶው የሰው ቁመት አክሏል።

«ቲቸር» አለች ከታች ሆና፣ «ፎቶዬን መቀየር ይቻላል?»

«በምን?»

«በሌላ። ይሄኛው ትንሽ... እንደዚህ ባይሆንስ?»

መምህርቷ ከመሰላሉ ላይ አንገታቸውን አዙረው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ፈራሽ፣ አይደል? ሁሉም የመጀመሪያ ጊዜ ይፈራል። ስሚኝ፣ ከዳኞቹ አንዱ አሁን አይቶት ነው የወጣው። ምን እንዳለ ልንገርሽ? ‹ዓይን የሚያደናቅፍ አንድ ነገር የለበትም።› በይ ያንን ሚስማር አቀብይኝ።»

ጭልፊት ሚስማሩን አቀበለች። ሌላም ሚስማር አቀበለች። ስትወጣ ጣቷ ዝገት ዝገት ይሸት ነበር፤ የመጣችበትን ነገር ግን እንደያዘችው ተመለሰች።

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሚጢጢ አባት የገቡት ሰው ላለመግፋት በጎን በጎን እየሄዱ ነበር። ጃኬቱ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ጠቧል። ፀጉራቸውን በውኃ አበጥረዋል፣ እጃቸውንም አጥብቀው ታጥበዋል፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ቀይ አፈር ግን አለቅም ብሏል።

«የኔ ልጅ» አሉ ጭልፊትን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «አኮራሽን።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ሰውዬው ፎቶው ፊት ሲቆሙ ፊታቸው በራ። ወረቀቱን ሳይነኩ በጣታቸው አየሩ ላይ መስመሮቹን ይከተሉ ጀመር። «ይሄ የዘንድሮው ነው። ይሄ የአምናው። እዚህች ጋ፣ ይኸው፣ ማሽኑ ተበላሽቶብኝ ሳምንት ያህል የቆምኩባት ናት። እኔ እኮ ከውስጥ ሆኜ ጭቃ ብቻ ነው የሚመስለኝ።» አጠገባቸው የነበሩ ሴትዮ ዘወር ብለው «እርስዎ ነዎት የቆፈሩት?» ሲሏቸው፣ ሥዕል ሠርተው እንደተመሰገኑ ሁሉ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«እስቲ ደግሞ ቤታችንን» አሉ፣ ወደ ቀኝ እየተራመዱ።

ሚጢጢ ቀድማቸዋለች። ዓይኗ ቀኙ ጥግ ላይ ሄዶ አረፈ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጭልፊት መጣ። ያን እሑድ ስክሪኑን አብረው አይተዋል። ጣሪያው እንደነበረ፣ ጎማው እንደነበረ፣ እናቷ ምስር አክለው እንደነበሩ ታውቃለች። ግን ምንም አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ይሻል ነበር።

አባትየው ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። «ዓይኔ ነው መሰለኝ» አሉ እያፈሩ፣ ጭልፊትን እያዩ። «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ አሳዪኝ። የት ጋ ነን?»

ጭልፊት እጇን ወደ ጥጉ አንሥታ መልሳ አወረደችው።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ የለንም» አለች ሚጢጢ በድንገት። የወረቀቱን ጠርዝ በእጇ አሳየች። «ካሜራው እዚህ ጋ ነው ያበቃው። እኛ ከፎቶው ውጪ ነው የቀረነው።»

«ውጪ?»

«አዎ። ወዲያ።»

ሰውዬው ጥጉን እንደገና አዩት። ቀይ፣ ለስላሳ፣ ባዶ መሬት ነው። ግንባራቸው ላይ ተቋጥሮ የከረመ ነገር ቀስ እያለ ተፈታ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ መሬት በእኛና በጉድጓዱ መሀል ያለ ነው በይኛ» አሉ፣ መዳፋቸውን ፎቶው ላይ እንደ ጣራ ዘርግተው እየለኩ። «ይሄ ሁሉ? እናትሽን አላልኳትም? በከንቱ ስንነታረክ ከረምን። ቆይ፣ ለአጎትሽ ልደውልለት። ክፍሉን የሚፈልግ ሰው መጥቶበት ለእኛ ብሎ ነው ያቆየው። ሰው ማጉላላት ነውር ነው።» ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ ጫጫታውን ሽሽት፣ እንደ አመጣጣቸው በጎን በጎን እየሄዱ ወደ በሩ ወጡ።

ጭልፊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ወዲያው ደግሞ ማንን ልትውጥ እንደምትችል ትዝ አላትና ምኞቷን እንኳ አፈረችበት።

«ለምን ዋሸሽው?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ?» ሚጢጢ ከላይ ወደ ታች አየቻት። «እኔ ነኝ የዋሸሁት?»

«ማለቴ...»

«ሰው ፊት እንዳትዋረጂ ብዬ ነው። እሱም እንዳያፍር። ጃኬት አስተኩሶ መጥቶ ‹አባዬ፣ አጥፍታናለች› ልበለው? መሬት መለካት እንደሚጀምር በምን ልወቅ? አሁን ምን ብዬ ልመልሰው? አንቺ ንገሪው። እኔ አልችልም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ ሁሉ ቁመት እንዴት ትንሽ ሊሆን እንደቻለ እንጃ።

ማይክራፎኑ ጮኸ። «አሁን ደግሞ» አሉ መምህርቷ ከመድረኩ ላይ፣ «ከበሩ ፊት ለፊት ያያችሁትን ፎቶ ያነሳችው ተማሪያችን እንዴት እንዳነሳችው ትነግረናለች።» ስሟን ጠሩ። ጭብጨባ ሆነ። ሰዎች ወዲያና ወዲህ ብለው እስከ መድረኩ ድረስ መንገድ ከፈቱላት። ከዳኞቹ አንዱ ከወንበሩ ሆኖ ፈገግ አለላት።

በኋላዋ በኩል የመስተዋት በሩ አለ። በመስተዋቱ ውስጥ የሚጢጢ አባት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይታያሉ። ጭልፊት ፈጥና ለማሰብ ሞከረች። መጀመሪያ ሁለት ቃል ተናግሬ፣ ከዚያ እወጣለሁ። ግን ክፍሉን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ ተብሏል፤ «ስጠው» ለማለትም ከሁለት ቃል በላይ አያስፈልግም።

ዞረች። የተከፈተላትን መንገድ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ በሩ ሄደች። ጭብጨባው እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ በመጨረሻ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ቆመ።

«ጋሼ፣ አይደውሉ።»

«እየጠራ ነው» አሉ ሰውዬው ዘወር ብለው። «ምነው፣ የኔ ልጅ? አመመሽ እንዴ?»

«ቤታችሁ ፎቶው ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

አልገባቸውም። ፈገግ እንደማለት አሉ። «ቤት እንዴት ይጠፋል?»

«በኮምፒውተር። ከሌላ ቦታ አፈር ቀድቼ ሸፈንኩት። ያ የለኩት መሬት የለም፣ ጋሼ። እኔ የቀባሁት ነው።»

ከስልኩ ውስጥ «ሃሎ? ሃሎ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሰውዬው ስልኩን አፋቸው ጋ አስጠግተው «ቆየኝማ» አሉና ዘጉት። «ለምን?» አሏት። ቁጣ አልነበረውም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

ሰበብ ሞልቷት ነበር። ውድድሩ፣ ክቡ፣ ዳኞቹ። ሁሉንም ተወቻቸው። «አስቀያሚ መስሎኝ» አለች።

ሰውዬው የጃኬታቸውን እጅጌ ወደ ታች ጎተት አደረጉ። መንገዱን አዩ፤ መኪና ሲያልፍ አዩ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «አያምርም።»

ጭልፊት ቢሰድቧት ትችለው ነበር። ይሄን ግን አልቻለችውም። እንባዋ ሳይወርድ አፍንጫዋ ቀደመ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና ስልኳን አውጥታ ያልተነካውን ፎቶ ከፈተችላቸው።

አባትየው በጣታቸው ሊያጎሉት ሞከሩ። ጣታቸው ከመደደሩ የተነሣ ስክሪኑ አልሰማ አላቸው። «አንቺ አድርጊው» አሏት። አጎላችላቸው። ጣሪያው መጣ፣ ጎማው መጣ፣ ገመዱ ላይ የተሰጣው ልብስ መጣ። «ይቺ እሷ ናት?» አሉ። «ምን ታያለች?»

«እኛን» አለች ጭልፊት።

«አሁን ወደ ጓሯችን ውሰጂኝ።»

ምስሉን ቀስ ብላ ጎተተችው። የኋላ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ ከቁጥቋጦው ቀጥሎ ወዲያው ቀዩ ገደል። መሀል ላይ የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ትንፋሻቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ከቁጥቋጦው ወዲህ፣ ግቢው ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረች አንዲት ጥቁር መስመር አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ። «ጥላ ናት፣ አይደል?»

ጭልፊት መስመሯን አወቀቻት። ያኔ ሌላውን ሁሉ ስትሸፍን እሷንም ሸፍናት ነበር፤ ምን እንደሆነች እንኳ ሳትጠይቅ። ሰውዬው ከስክሪኑ ቀና ብለው ፊቷን እያዩ ነው። ዓይናቸው አዎ እንድትላቸው ይለምናል። አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«እኩለ ቀን ላይ ነው ያነሳሁት» አለች። «ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ጥላ አይደለችም፣ ጋሼ። መሬቱ ነው የተሰነጠቀው።»

ሰውዬው በሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጃኬቱ ይቆሽሻል ሳይሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ክፍሉን ለማንም እንዳትሰጥ። ዛሬ... አዎ፣ ዛሬውኑ።»

በሩ ተከፍቶ ሚጢጢ ወጣች። አባቷን አየች፣ ከዚያ የጭልፊትን ስልክ። ከውስጥ መምህርቷ የጭልፊትን ስም ደግመው ሲጠሩ ይሰማል፤ አሁን ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ጥያቄ አለበት።

ጭልፊት ስልኩን ዘረጋችላት። «ያዢላቸው» አለች። «ደግመው ማየት ይፈልጉ ይሆናል።»

ሚጢጢ ፊቷን ሳታያት ተቀበለቻት። አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ እግሯን እስከ ታችኛው ደረጃ ዘረጋች። «ምን ልትያቸው ነው?» አለች፣ ለስልኩ የምትናገር ይመስል።

«ፎቶውን እንዲያወርዱት።»

«ሥልጠናውስ?»

ጭልፊት በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ እሷም ዓይኗን ወለሉ ላይ ሳትጥል በመሀላቸው ሄደች።